ሽብሩና ጠጪው ድንጋይ

ልጆቼ፣ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያወጡ፣ በዚህ መንደር ሽብሩ የሚባል ወፍጮ ወቃሪ ነበር። የሴቶቹን የድንጋይ ወፍጮ በመዶሻ እየነቆረ ያሻክራል፤ ኑሮው ይኸው ነበር። ሰው ሲያገኝ ጤና ይስጥልኝ ይላል፤ ድንጋይ ሲያገኝ ውሃ ያፈስበታል። ውሃው ከሰረገ "ጠጪ ነው"፣ ተንከባሎ ከወረደ "ጾመኛ ነው" ይላል። መንደሩ ይስቅበታል።

ጦርነት ሆነና አምስት ጎበዞች ዘመቱ፤ አምስቱም በሬሳ ተመለሱ። ጎን ለጎን ተቀበሩ። ጭቃ ሹሙ አየለኝ ደግ ነበር፤ ችኩልም ነበር። "ለዘማች ስም የተጻፈበት ድንጋይ ይገባዋል" አለና ቀይ ድንጋይ አስጠረበ። ቀይ ድንጋይ እንደ አይብ ይቆረጣል። ሽብሩ ውሃ አፈሰሰበት፤ ድንጋዩ ጠጣ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ጠጪ ነው፤ ስም አይዝም።"

"አንተ ወፍጮህን ወቅር!"

ክረምት መጣ፤ ስሞቹን አጥቦ ወሰዳቸው።

በዓመቱ ነጭ ድንጋይ ከቆላ በአህያ መጣ። አቤት ሲያምር! ሽብሩ ውሃ አፈሰሰ፤ ድንጋዩ ጠጣ። "ይሄም ጠጪ ነው፤ ነጭ ለብሶ ነው እንጂ" አለ። ሳቁበት። ውርጭ መጣ፤ ሰነጣጥቆ ጣለው።

የመቃብሮቹ ጉብታም ዝቅ ብሎ ከሜዳው ተካከለ። የማን መቃብር የቱ እንደሆነ የሚያውቁት የደብሩ መሪጌታ ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም ዘጠና አልፏቸዋል። ከዘማቾቹ የአንዱ እናት እናኑ "የኔ ታፈረ የቱ ጋ ነው?" እያለች ትዞራለች። ሽብሩ ስም የሚይዘውን ድንጋይ ያውቃል። ጾመኛው ጥቁር ድንጋይ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ሊያመጣው ሦስት ጊዜ ወረደ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

አንድ ቀን የእናኑን ወፍጮ ሊወቅር ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው ተንከባሎ ወረደ። ድንጋዩ ጥቁር ነው! ወፍጮዋ ለካ ጾመኛ ኖሯል፤ ለእናኑም ገባት።

"አያ ሽብሩ፣ የታፈረን ስንቅ የፈጨሁበት ነው። ውሰድልኝ።"

"በምን ልትፈጪ ነው እቴ?"

"ጎረቤት ለምን ተፈጠረ!"

አምስቱም እናቶች ወፍጯቸውን ሰጡ። መሪጌታ የእያንዳንዱን መቃብር አሳይተው ፊደሉን በኖራ ጻፉ፤ ፊደል የማያውቀው ሽብሩ ተከትሎ ወቀረ። ሁለት መዶሻ ሰበረ። ጭቃ ሹሙ ራሱ ውሃ አፈሰሰና "ጾመ!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጭቃ ሹሙ በጎረቤት ወፍጮ ለእናኑ ልፍጭላት ብሎ መጁን እግሩ ላይ የጣለውም ያን ሰሞን ነው።

መሪጌታ በወሩ አረፉ። ስሞቹ ግን ዛሬም ይነበባሉ። ለዚህ ነው በአገራችን ዘማች ሲሞት የእናቱ ወፍጮ መቃብሩ ላይ የሚቆመው፤ ጎረቤትም ዓመት ሙሉ የሚፈጭላት። ውሃ ይፈስበታል፤ ሁሉም "ጾመ!" ይላል። ከዚያ ትልቅ ሰው ይነሳና "ስንቁን የፈጨ ስሙን ይያዝ" ብሎ ይመርቃል።