ዳለቻና ዝናብ ጠሪው ጃንጥላ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ «የላም በረት» በሉኝና ጠጋ ጠጋ በሉ። ድሮ ነው፤ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ሾላ ሥር ይማሩ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን። መምህራቸው የኔታ ኤሊ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ቀስ ብለው ይቆጣሉ፣ ጠጠር እያስለቀሙ ያስተምራሉ። ላሟ ዳለቻ ያኔ ገና ጊደር ነበረች።

ዓመታት አለፉ። የኔታ አረፉ፤ ዳለቻም ወለደች። በወለደች ዓመት ግን ሰማዩ ጨከነ፤ ምንጩም ደረቀ። ወንዝ ያለው ከተራራው ማዶ ነው። ጥጃዋ በዚያ ፀሐይ ተራራውን እንደማይወጣው ታውቃለች።

ይሄኔ እመት ጦጢት ጃንጥላ ይዛ ብቅ አለች። በዘነበ ቀን ሁሉ ይህ ጃንጥላ ተዘርግቶ እንደነበር እንስሳቱን አስታወሰቻቸው። እውነቷን ነው፤ ሁሉም አይተዋል።

«ታዲያ ዝናቡን የሚጠራው ማን ሆነና?» አለች። ለመዘርጊያው አንድ ቅል ወተት ጠየቀች።

ዳለቻ ከጥጃዋ አፍ ነጥቃ ሰጠች። ጃንጥላው ተዘረጋ፤ ዝናብ የለም። ደግማ ሰጠች። ተዘረጋ፤ ዝናብ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ልትታለብ ስትል ጥጃዋ እግሯ ሥር ተዘረረ።

ያን ጊዜ የኔታ ትዝ አሏት። የሾላው ጥላ፣ የጓደኞቿ ጫጫታ ሁሉ መጣባትና ሆዷ ባባ። አንድ ቀን «ጅብ ሁሉ አራት እግር አለው፤ ስለዚህ አራት እግር ያለው ሁሉ ጅብ ነው» ብላ ተማሪውን አስቃ ነበር። የኔታ አልሳቁም። ለእያንዳንዱ ባለ አራት እግር እንስሳ አንድ ጠጠር አስደረደሯት። ከዚያ ሁሉ ክምር የጅቡ ጠጠር ጥቂት ሆነ።

«ልጄ፣ ከጅቦቹ ስንቱ አራት እግር አለው ማለትና ከባለ አራት እግሮቹ ስንቱ ጅብ ነው ማለት አንድ አይደለም» አሏት።

ዳለቻ ወደ ጃንጥላው ዞረች። «ወንድሜ ጃንጥላ፣ በዘነበ ቀን መዘርጋትህን አውቃለሁ። በተዘረጋህበት ቀንስ ስንቴ ዘነበ?»

ጃንጥላው አፈረ። «አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምዘረጋው ለፀሐይ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

ጦጢት ልታጥፈው ታገለች፤ እሱ ግን እምቢ አለ።

«እንግዲያው ለፀሐይ ተዘርጋልኝ» አለችው ዳለቻ። ቀንዷ ላይ ሰክታው፣ ጥጃዋን በጥላው ሥር እያሳረፈች፣ እየገፋች ተራራውን ተሻገረች። ጥጃው ከወንዙ ሲጠጣ ስታይ አለቀሰች። የኔታ ኖረው ይህን ቢያዩ ብላ ነው።

እናንተም ልጆቼ፣ ሲዘንብ ጃንጥላ ተዘረጋ ሲሏችሁ፣ ሲዘረጋስ ይዘንባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚያስተምራችሁንም በሕይወት ሳለ አመስግኑት።