ደፉ ከፍ ሲል

አንዲት ምራት ነበረች። ልጄ፣ አንቺ አሁን የጠየቅሽኝን እሷም ራሷን ደጋግማ ጠይቃለች፤ ማንንም የማይጎዳ ምስጢር ለባል ባይነገር ምን ይጎድላል?

የተማረች ሴት ነበረች፤ ግን ዓይን አፋር፣ ሰው ፊት ድምጿ የሚሰልል። ባሏ አዲስ ፎቅ ቤት ሠራ። ቤቱ ከላይ ፀሐይ የሚሞቁበት ሰፊ ሰገነት ነበረው፤ በሰገነቱ ሥር ያለውን ጠባብ ክፍል ባልየው ለአሮጊት እናቱ ሰጣቸው። ግንበኛው ከሰገነቱ ንጣፍ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር ልባስ አለበሰ፤ ከቤት ወደ ሰገነቱ በሚያስወጣው በር ላይም ዝናብ ተንደርድሮ እንዳይገባ ከፍ ያለ ደፍ ሠራ። ቤቱን ሲያስረክብ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለ፤ ይህን ወለል ምስማር እንዳይነካው። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር አደራውን የተቀበለችው እሷ ነበረች።

ለቤቱ ምርቃት ዘመድ ተጠራ። ሰማዩ ስለጠቆረ ሰገነቱ ላይ ድንኳን ይተከል ተባለ። ድንኳን ተካዮቹ ገመድ የሚያስሩበት ቢያጡ የብረት ካስማ አውጥተው በንጣፉ መጋጠሚያ ይመቱ ጀመር። እሷ በሩ ላይ ቆማ አየች። ልትከለክላቸው ስትል አንደኛው ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ ቤት የሚመረቀው ለሰው ነው ወይስ ለወለሉ?» አላት። ሁሉም ሳቁ። አፈረችና ተመለሰች። ባሏ ከገበያ ሲመለስ ወለሉ ምንጣፍ ተነጥፎበት የካስማዎቹ ራስ አይታይም ነበር።

እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። ባሏ ሊሸኛቸው ወርዶ ሳለ ድንኳኑ ተነቀለ፤ እሷም ካስማ የነበረበትን ቀዳዳ ሁሉ በነጭ ሲሚንቶ ደፈነችው። ድፍኑ ከንጣፉ ጋር አልመሳሰል ቢላት በየቀዳዳው ላይ የአበባ ሸክላ አስቀመጠች። ሰገነቱ አማረ። ባሏ ተመልሶ ሲያየው፣ እጅሽ ይባረክ አላት። ያን ጊዜ ልትነግረው ትችል ነበር። ግን ምርቃት እየተቀበሉ ጥፋት መናገር ከበዳት።

ክረምት ገባ። በአማቷ ክፍል ኮርኒስ ጥግ ላይ ቢጫ እድፍ ወጣ፤ እየሰፋም ጠቆረ። ባሏ ወጥቶ ወርዶ አየና ውሃው የሚገባው በሰገነቱ በር ሥር ነው ብሎ ፈረደ። ግንበኛውን አስጠርቶ ደፉን ከፍ እንዲያደርገው አዘዘው። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ «ይህን ወለል የነካው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን ይነካዋል?» አለ ባሏ።

እሷ እዚያው ነበረች። ከአንዱ አበባ ላይ የደረቀ ቅጠል መቀንጠስ ጀመረች። ግንበኛውም የባለቤቱን ቃል አምኖ ደፉን ከፍ አደረገው።

እድፉ ግን አልቆመም። በሚቀጥለው ክረምት ባልየው ግንበኛውን ሙያ የለሽ ብሎ በየሰፈሩ አማው፤ ሌላ አምጥቶም በደፉ ላይ ደፍ አስጨመረ። ከጉልበት ለመድረስ ምንም አልቀረው። የባሏ አክስት ሊጠይቁ ሲመጡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተንጠላጠሉ፣ «የእናንተ ሰገነት እኮ በቅሎ ይፈልጋል» ይላሉ። ቤተሰቡ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም።

አሮጊቷ አማት የቀራቸው ደስታ አንድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየደገፉ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ። ለመጀመሪያው ደፍ እግራቸውን ያነሱ ነበር። ከፍ ሲል በሩን መያዝ ጀመሩ። እንደገና ከፍ ሲል ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ አልጋ ላይ ዋሉ።

ምራቲቱ እንደ ወለዷት ልጅ አስታመመቻቸው። አጠበች፣ አገላበጠች፣ አጎረሰች። ጎረቤት ሁሉ አመሰገናት፤ ምስጋናውም እንደ እሾህ ወጋት። ለራሷ ግን፣ ደፉን ያስጨመረው እሱ ነው፣ እኔ ደፍ አልነካሁም ትል ነበር። ሲመሻሽም እንደ ልማዷ ወጥታ አበቦቿን ታጠጣ ነበር።

አንድ የበጋ ቀን፣ ሰማዩ ላይ ደመና በሌለበት፣ አበቦቿን አጠጥታ ለአማቷ ምግብ ይዛ ወረደች። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አገኘቻቸው። ያለቀሱ መስሏት ምን ሆኑ እማማ አለች።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ በዝግታ፣ «አበባሽን ባጠጣሽ ቁጥር እኔ ላይ ይዘንባል።»

ቀና ብላ አየች። ከኮርኒሱ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል።

«ክረምቱ ካለፈ ቆየ። ይህ ደፍ ዘሎ የመጣ ውሃ አይደለም። ከተኛሁ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ካስማውንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ሸክላውንም ተናገረች። አሮጊቷ አልተቆጡም። ለእኔ መንገርሽ አሁን ምን ይረባኛል፣ ለልጄ ንገሪው ብቻ አሏት። ባሏ ሲገባ ነገረችው። እሱም ወጥቶ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አነሳ፤ ከዚያም ባሠራው ደፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ስሙን ያጠፉትን ግንበኛ ይቅርታ ሊጠይቁት ፈለጉት፤ በዚያ ሰፈር የሚያሠራው ሰው አጥቶ አገር ለቆ ነበር። ወለሉ ተነስቶ እንደገና ተለበሰ። ደፉም ዝቅ አለ፤ ሕፃን ይሻገረው ነበር። አሮጊቷ ግን ዳግመኛ አልተሻገሩትም።

እንግዲህ ልጄ፣ ለምታገቢው ሰው የደበቅሽው ነገር እንደዚያ ቀዳዳ ነው። ትንሽ ነው፤ አበባም ያምርበታል። እሱ ግን ቤቱ ከየት እንደሚያፈስ ስለማያውቅ ውሃ በማይገባበት በኩል ደፍ ይሠራል። አንዴ ዘመድሽን ይጠረጥራል፣ አንዴ ጓደኛሽን ያርቃል፤ አንቺም ሲሠራ እያየሽ ቅጠል ትቀነጥሻለሽ። በደፉ የሚወድቀው ደግሞ ምናልባት አንቺም እሱም አትሆኑም። ማንን ይጎዳል አልሽኝ። እኔ አላውቅም፤ ያቺም ሴት አላወቀችም ነበር። ሂጂ፣ ሸክላውን ሳታስቀምጪበት ንገሪው።