ሰማያዊ ያልሆነው ሐይቅ

አንዲት ሴት ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ከአንድ መምህር ዘንድ በውሃ ቀለም ሥዕል መሣል መማር ጀመረች። እህቷ አስካለ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን አስካለ እንዲህ አለቻት፦

«ላንጋኖን አንዴ ደግሜ ባየው ደስ ባለኝ። መሄዱ እንደሆነ አልሆነልኝም። ሥዪልኝ።»

ሴትየዋ ሄደች። አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ወረቀቷን አረጠበች፤ ሰማዩን ቀባች፤ እስኪደርቅ ጠበቀች። ሁሉንም መምህሯ እንዳሳያት አደረገች። ከዚያ ውሃውን ሰማያዊ ቀባችው።

ላንጋኖን የምታውቁ ንገሩኝ፤ ውሃው ሰማያዊ ነው? አይደለም። ቡናማ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ሴትየዋ ፊት ለፊቷ ታየው ነበር። ግን መምህሯ ለጀማሪ ብሎ እንድትገለብጠው የሰጣት ሥዕል ላይ ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ደግሞም ለታመመ ሰው ቆንጆ ነገር መውሰድ አለብኝ ብላ አሰበች። ቡናማውን ቀለም አልነካችውም።

አስካለ ሥዕሉን ይዛ ብዙ አየችው።

«ያምራል። የት አገር ነው?»

«ላንጋኖ ነዋ!»

«ተይ እንጂ እቴ! በልጅነታችን ነጭ ቀሚሳችንን አበላሽቶ ያስገረፈን ውሃ የታለ?»

ሴትየዋ ተናደደች። «ሁለተኛ ብሩሽ አልይዝም» አለች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ ሄደች። ቡናማውን በብዙ ውሃ አቀጠነችና ቀባች። ማዕበሉ አሸዋውን የሚነካበትን ቀጭን መስመር ሳትቀባ ተወችው፤ ነጩ ወረቀት አረፋ ሆነ። አንድ ቦታ ቀለሙ ፈሶ አሸዋው ውስጥ ገባ። አላስተካከለችውም።

አስካለ አየችና ሳቀች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው የወደቅሽው» አለቻት።

ሥዕሉን እኔም አይቼዋለሁ። ከአስካለ አልጋ ትይዩ ተሰቅሏል። ሰማያዊውስ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም አላስታወሱም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ስትጸልዩ ውሃችሁን ምን ትቀቡታላችሁ? ከወንድማችሁ ጋር ከተኳረፋችሁ ዓመት አልፏል፤ «ሁሉ ደህና ነው፣ ጌታዬ» ትላላችሁ። ልባችሁ ደፍርሷል፤ የሌላውን ሰው ጸሎት ገልብጣችሁ ታቀርባላችሁ። እግዚአብሔርን ለማስደሰት ነው? ሐይቁን ቡናማ አድርጎ የፈጠረው ማን ሆነና?

ያላችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። አታሳምሩት። የፈሰሰውንም ተዉት። እሱ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ጋ ነው የወደቅኸው፤ እዚህ ጋ ነው የወደቅሽው» ይላችኋል። ሲላችሁም አትፈሩም፤ ስትወድቁ አብሯችሁ ነበርና።