ነጥብ የሌላት ዓሣ

አዲስ የተሾመ አንድ ዳኛ አስተማሪው የነበሩትን ሽማግሌ፣ «ሰው ከእኔ የሚፈልገው ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ነገሩ ሳይለይልኝ ሲቀር ‹አልለየልኝም› ብል አይንቁኝም?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌውም እንዲህ አሉት።

ዓሣ በመለየት የተከበረ አንድ ሰው በባሕር ዳርቻ መንደር ነበረ። በዚያ ባሕር ውሻ ዓሣ የሚሉት ትንሽ ሻርክ አለ። የመንደሩ ሕግ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ይበላ፣ ነጥብ የሌለው ግን ሌላ ዘር ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነውና ወደ ባሕሩ ይመለስ የሚል ነበር። ያልመለሰ አጥማጅ መረቡ ተወስዶ መንደሩ መሐል ካለው ግንድ ላይ ዓመት ሙሉ ይሰቀልበታል።

ታዲያ አንዳንዱ ዓሣ ነጥቡ የደበዘዘ ነው፤ አለውም የለውም ለማለት ያስቸግራል። ለዪው በልቡ ይጨነቃል፤ አፉ ግን አመንትቶ አያውቅም። ስሙን ይወድ ነበራ! አንድ ቀን ሳልሕ የሚባል አጥማጅ እንዲህ ያለውን ዓሣ ይዞ መጣ። «ነጥቡ ይኸው፣ እስቲ ወደ ፀሐይ አዙረው ይዩልኝ» ብሎ ለመነው። ለዪው ያየ መሰለው፣ ደግሞ ያላየ መሰለው። ሰው ከቦ ይጠብቃል። «የለውም» አለ። መረቡ ተሰቀለ።

ከወራት በኋላ ለዪው ማዕበል የጣላትን አንዲት ነጥብ የሌላት ዓሣ አገኘና ሆዷን ቀደደ። ውሻ ዓሣ እንደ ከብት ይወልዳል እንጂ እንቁላል አይጥልም። ስድስት ግልገል ነበራት፤ አራቱ ነጥብ አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም። ከአንድ ሆድ! ግልገሎቹን በጨርቅ ይዞ ሰው መሐል ገባና፣ «አንድ ዘር ይሁኑ ሁለት አላውቅም። ያን ቀንም አላወቅሁም ነበር» አለ። መረቡንም በገዛ እጁ አውርዶ ሳልሕን ፍለጋ ሄደ።

ሳልሕ ግን ልጆቹን ለማብላት ጀልባውን ሸጦ ወደብ ላይ ሸክም ይሸከም ነበር። መረቡን አገላብጦ አየና፣ «አሁን ምን ላድርገው ብለው አመጡልኝ?» አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ለዪ አንተ ነህ። ድንበሩን ያሰመረው ሰው ነው፣ ለሥራው እንዲመቸው፤ ፍጥረት ሁልጊዜ አይታዘዝለትም። «አልለየልኝም» ስትል የሚስቅብህ አይጠፋም፤ ይሳቅብህ። ሳይለይልህ የቆረጥክ ቀን ግን ክብርህን የምትጠብቀው በሌላው ሰው እንጀራ ነው።