በመስኮቱ ሥር የተተከለው ጽጌረዳ

ዕድሜውን በቡና እርሻ የጨረሰ አንድ ሰው ነበረ። ስለ ቡና የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ የተሳሳተውም በዚሁ ዕውቀቱ ነው። ቆዪ፣ እደርስበታለሁ።

ወለተ ሩፋኤል፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ከሰዓት በኋላ ፊደል ማስተማር ጀመርሽ። ቀጥሎ ልጆቻችንን ለፈተና አዘጋጂልን ብለው ሰዎች መጡ፤ አዘጋጀሽላቸው። ዛሬ ሰማንያ ልጆች አሉሽ፣ ቀበሌው ሁሉ ያመሰግንሻል፣ ለእናቶቹ ግን ጊዜም ወንበርም አልተረፈም። ልጆቹን ልተው ብለሽ ስታስቢ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳደገውን መቁረጥ አያስቀስፍም ወይ ብለሽ ፈራሽ። አይ ልጄ፣ መቀሰፍ እንዲህ ቀላል ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ ባልቆየሁ። ቁጭ በዪና ስሚኝ።

የዚያ የቡና ሰው ሚስት በስተርጅና ዓይኗ ጠፋ። ለሕክምና ሲሉ እርሻውን ለልጃቸው ትተው ደጋ ከተማ ገቡ። ሕክምናው ዓይኗን አልመለሰላትም። እሷም ብዙ አላማረረችም፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለባት። በአገሯ ቡናው ሲያብብ ሽታው ቤት ድረስ እየገባ ወቅቱን ይነግራት ነበር። እዚህ ግን መስኮቱ ቢከፈትም የሚገባ ነገር የለም። አንድ ቀን ባሏን፣ ከመስኮቴ ሥር የሚሸት ነገር ትከልልኝ አለችው። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም።

ሰውየው ችግኝ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄዶ ቀይ ጽጌረዳ ገዛ። መልክ ብቻ ያለውን ዓይነት ሳይሆን ሲፈነዳ ግቢውን የሚያውደውን ነው የመረጠው። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተከለው፣ ፍግ አለበሰው፣ በየጠዋቱ ቅጠሉን ሳያረጥብ ከሥሩ አጠጣው። በመጀመሪያው ዓመት አበበ። ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሽታው ሲደርሳት፣ ገና ዛሬ እዚህ ከተማ ገባሁ አለች። ሰውየው ያን ቀን ምሳውን ሁለት ጊዜ በላ ይባላል።

በሁለተኛው ዓመት ጽጌረዳው ደከመ። ግንዱ ጠቆረ፣ አበባው አነሰ። ጽጌረዳ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን የቡና ሰው ነው፣ ማንን ይጠይቃል? ቡና ሲያረጅ ይጎነደላል። አሮጌው ግንድ ወደ መሬት ተጠግቶ ይቆረጥና ከታች ከሚወጡት ቀንበጦች ብርቱው ተመርጦ ያድጋል። አባቱ እንዲሁ አድርጓል፣ እሱም አርባ ዓመት ሲያደርገው ኖሯል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ጽጌረዳውን አንድ ስንዝር ብቻ አስቀርቶ ጎነደለው። ብዙም ሳይቆይ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ብርቱ ቀንበጥ ወጣ። ከአሮጌው ጉቶ ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቀንበጥ ብቅ አለች፤ እሷን ምግብ ትሻማለች ብሎ ሊቆርጣት አሰበና ረሳት።

ከታች የወጣው፣ ምን ልበልሽ፣ በአንድ ክረምት መስኮቱን አለፈ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ እሾሁ የማያስጠጋ ሆነ። ጎረቤት እየመጣ እጅህ ይባረክ አለው። ሲያብብ ግን ነጭ ሆነ፤ ነጠላና ስስ አበባ። ሰውየው፣ ገና ነው፣ ሲውል ሲያድር ይቀላል አለ። ያንን አበባ በሰው አጥር ላይ ቢያየው ኖሮ ቀጋ ነው፣ የዱር ጽጌረዳ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ራሱ ያሳደገው ስለሆነ ግን ስሙ ጠፋው።

በየጠዋቱም ሚስቱን ሸተተሽ ወይ ይላታል። እሷም ልፋቱን ታውቃለችና አዎን ትለዋለች። እኔ በዚህ አልፈርድባትም፤ የሚዋደዱ ሰዎች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ውሸት አይጠፋም። አንድ ቀን ግን ጎረቤቶች ከመስኮቱ ሥር ቆመው ተክሉን ሲያወድሱ ከሰማች በኋላ ባሏን ጠራችው።

«ሰዎች ሲያደንቁት እሰማለሁ» አለችው። «ለእኔ ግን አልመጣልኝም።»

ሰውየውም ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ችግኝ ሻጯ ሄደ። ሴትዮዋ ገና ስታየው ከየት በኩል እንደወጣ ጠየቀችው፤ ከታች ከአፈሩ ውስጥ ነው አላት። እሷም አስረዳችው። ቀዩ ጽጌረዳ በራሱ ሥር ደካማ ነው። ስለዚህ አንዲት እምቡጥ ከእሱ ተወስዳ በብርቱ ቀጋ ሥር ላይ ትቀጠላለች፤ የተቀጠለችበትም ቦታ ቋጠሮ ይሠራል። ከቋጠሮው በላይ የሚወጣው ጽጌረዳ ነው፣ ከቋጠሮው በታች የሚወጣው ቀጋ ነው። የሚጠጡት ከአንድ ሥር ስለሆነ አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይጠማል።

«አባቴ፣ ተክሉ አልከዳዎትም» አለችው። «ሲያጠጡ የኖሩት ሌላውን ነው።»

ሰውየው በመንገዱ ሁሉ በራሱ ሲናደድ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ግን አልዘገየም። ተንበርክኮ አፈሩን ጫረና ቋጠሮውን አገኘው። ያ የተወደሰው ተክል የወጣው ከቋጠሮው በታች ነበር። በመቀስ ቢቆረጥ ሦስት ሆኖ እንደሚመለስ ሴትዮዋ ነግራዋለችና፣ ከተጣበቀበት ከሥሩ ሊገነጥለው ያዘው። ጎረቤቱ በአጥር በኩል አይቶት ሮጦ መጣ። እንዲህ ያማረ ነገር ይነቀላል ወይ፣ አብደሃል እንዴ ብሎ እጁን ያዘው።

«ላንተ አምሯል» አለው ሰውየው። «ላንተ ግን አልተከልኩትም።»

ገነጠለው። እጁ ደማ፣ መስኮቱም ሥር ባዶ ሆነ። የቀረችው ያቺ በጉቶው ላይ የበቀለች ቀንበጥ ብቻ ነበረች፤ በጥላ ውስጥ ኖራ ገርጥታለች። እሷን አጠጣ፣ እሷን ኮተኮተ። ጎረቤትም ከዚያ ወዲያ ሊያደንቅ አልመጣም። ከመስቀል በኋላ አንዲት ቀይ አበባ ፈነዳች። ሰውየው ለሚስቱ ምንም አልነገራትም፤ መስኮቱን ከፈተላትና ወደ ጓሮ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጠራችው። ሲገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ደስ ብሎት ስለነበረ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

እንግዲህ፣ ወለተ ሩፋኤል፣ ቀጋ ክፉ ተክል አይደለም። እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ፍሬውን እኔ ራሴ ከአጥር ላይ ለቅሜ በልቻለሁ። ሰማንያዎቹ ልጆችም ክፉ አልሠሩም፤ የምትለያቸው ከሆነ ሌላ አስተማሪና ሌላ ቦታ ፈልጊላቸው፣ እኔም አፈላልግሻለሁ። ነገር ግን የእናቶቹን ውኃ እየጠጡ ነው ያደጉት። ያደገው ሁሉ አንቺ የተከልሽው አይደለም። ስለዚህ ልቁረጥ ወይስ ላቆይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ፤ ሲያድግ እያየ የሚያመሰግንሽን ቀበሌም አትጠይቂ። ሄደሽ ፊደል ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩትን እናቶች ጠይቂ፤ የተከልሽው ለእነሱ ነውና፣ ይደርሳችኋል ወይ በያቸው። ልፋትሽን ስለሚያውቁ መጀመሪያ አዎን ይሉሻል። ሁለተኛ ጠይቂያቸው።