ወጠጤውና የጦጢት ከበሮ

ተረት ላውጋችሁ? «አውጋን፣ ጆሯችን ያንተ ነው» በሉኝ። እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ሆራ በሚጠጡበት ዘመን፣ አንድ ወጠጤ ፍየል ነበረ። ቀንዱ ጣት ያክላል፤ ልቡ ተራራ ያክላል። የሆራው ሕግ ይህ ነበር፦ በቀንድ ተዋግቶ ያሸነፈ ከነወገኑ ቀድሞ ይጠጣል። ፍየሎች ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሆኑ የሚደርሳቸው ጭቃ ነበር።

እመት ጦጢት ከበሮዋን አንግታ መጣች።

«አያ ወጠጤ፣ ጀግና ላድርግህ። አንተ ግጠም፤ ከማን ጋርና መቼ የሚለውን ለእኔ ተወው። ተመልካች የሚያመጣው ሽምብራ የእኔ፣ ውሃው የእናንተ።»

«እሺ» አለ ወጠጤ።

ጦጢት በማለዳ አውራ በጉን ባቄላ ማሳ አስገባችው። «ብላ እንጂ ጌታው፣ ምን ያሳፍርሃል!» በላ፣ በላ፣ ሆዱ ተነፋ። ይሄኔ ወጠጤን ጠራችው። አንዴ ቢገፋው በጉ ተንከባለለ። ከበሮው «ጣለው! ጣለው!» አለ። ፍየሎች ከበጎች ቀድመው ጠጡ።

ቀጥላ በሬውን ሲያርስ ውሎ ከቀንበር እንደተፈታ አመጣችው። «እኔስ መተኛት ነው የምፈልገው» አለ በሬው፤ ወጠጤ ሳይነካውም ተኛ። ከበሮው «ጣለው! ጣለው!» አለ። ፍየሎች ከከብቶችም ቀድመው ጠጡ።

«አያችሁ? በሬ እንኳ አልቻለኝም!» አለ ወጠጤ።

የከበሮው ድምፅ ግን ቆላ ድረስ ወርዶ ጎሽ ሰማው። መጣ። «በሬውን የጣለው ማነው? ነገ እገጥመዋለሁ» አለ።

ጦጢት ዘዴ ፈለገች። ጎሽ አያርስም። ባቄላ ማሳ አይገባም። ዘዴ አጣች፤ በማግስቱ ግን ተመልካቹ ሽምብራውን ይዞ ደረሰ። ከበሮዋን አንዴ መታችና ከሆራው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ትታው ዛፉ ላይ ወጣች።

«ግባ እንጂ፣ የኔ አንበሳ!»

ወጠጤ ግን ወደ ከበሮው ጠጋ አለ።

«አያ ከበሮ፣ ዛሬ ድምፅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«ሽሽ፣ ልጄ። ውሃው ይቅር። በጉን የጣለው ባቄላ ነው፤ በሬውንም የጣለው ቀንበር ነው።»

«ቀንተህ ነው! አንተ ስለ ቀንድ ምን ታውቃለህ?»

«ቆዳዬን አሽትተው።»

ወጠጤ አሸተተ። የፍየል ጠረን ነው።

«እኔንም ጀግና ላድርግህ ብላኝ ነበር» አለ ከበሮው።

ወጠጤ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ይሄኔ ተመልካቹ «ወጠጤ! ወጠጤ!» እያለ ጮኸ። ስሙን ሰማ። የሰማውን ሌላ ነገር ሁሉ ረሳ። ዘሎ ገባ።

ጎሹ ራሱን አንዴ ነቀነቀ። አንዴ ብቻ።

ፍየሎች ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ጦጢት የከበሮዋን አሮጌ ቆዳ ገፍፋ አዲስ አለበሰችው፤ አንግታውም ሌላ ወጠጤ ፍለጋ ሄደች።

እኔ እንደነገሩኝ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ለልጆቻችሁ አድርሱልኝ፦ ከበሮ ያሞገሰው ቆዳውን ይጠብቅ።