ትርንጎና የድንጋዩ ወፍ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ የሰማሁትን ልስጣችሁ። አያቶቻችን ገና ሳይወለዱ፣ ዱቄት ሁሉ በሴት ክንድ በሚፈጭበት ዘመን፣ በዚህችው በነጭ ገደል መንደር ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት፣ ልጅ የላት። ያላት አንዲት ዶሮ፣ አንድ ወፍጮና አንድ የወፍጮ መውቀሪያ ነበር። የሰው ወፍጮ ልሞ አልፈጭ ሲል ትጠራለች፤ ኳ ኳ እያደረገች ትወቅረዋለች። ታዲያ ከመምታቷ በፊት ሁልጊዜ ድንጋዩን በመዳፏ ትዳብሰው ነበር። ሰዎቹ ድንጋይ ታስተኛለች እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

በጥር ወር ጭቃ ሹሙ አጎናፍር ልጁን ሊድር ሆነና አዲስ ወፍጮ አዘዛት። ትርንጎ ከገደሉ ሥር ድንጋይ ፈነቀለች። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ተከፈተ። መጀመሪያ ዳበሰችው። እጇ ቆመ። ውስጡ ወፍ ተኝታለች። አጥንቷ ከስንደዶ የቀጠነ፣ ላባዋ በአመድ የተሳለ ይመስላል። አፏ ውስጥ ግን ጥርስ አለ። ጅራቷም አጥንት ነው፤ እንደ እንሽላሊት ጅራት ረዝሟል። ትርንጎ መውቀሪያዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች። እንደገና አነሳች፤ እንደገና አስቀመጠች። ድንጋዩን ሳትነካ ቤቷ ወሰደችው፤ መንደሩም እየመጣ አየው። የሠርጉ ቀን ሲቃረብ የራሷን ወፍጮ ከቤቷ አስነስታ ለጭቃ ሹሙ ሰጠች። እሷ ቆሎና ንፍሮ እየበላች ከረመች። ወፍጮ ወቃሪ ያለ ወፍጮ መቅረቷ ለመንደሩ ጥሩ ሳቅ ሆነ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ጾሙ ገባ፤ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰው የሚያመካኝበት ፈለገ፤ የትርንጎን ድንጋይ አገኘ። ከመንደሩ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ክንፍ ያበቀለ እንሽላሊት ነው፣ የሰይጣን ሥራ ነው፣ ሰማዩን የዘጋው እሱ ነው አሉ። ጭቃ ሹሙም ፈረደ። ድንጋዩ በመዶሻ ይሰበር፤ ትርንጎም መውቀሪያዋን አስረክባ ከአገር ትውጣ። ትርንጎ ተነሳች። ነጠላዋን አደግድጋ እስከ ፋሲካ ጊዜ ለመነች። ስትፈስኩ የዶሮውን አጥንት ስጡኝ፣ ከድንጋዩ ጋር ላስተያየው አለች። በጾም ስለ ዶሮ ማውራቷ አንዳንዱን አስቆጣው፤ ሌላውን አስጎመጀው። ጊዜውን ግን ሰጧት።

ፋሲካ ደረሰ። ትርንጎ ሰፌዷን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። የታፋ አጥንት አገኘች። የክንፍ አገኘች። የአንገት አገኘች። የፈረሰኛ አጥንት ግን ከአንድም ቤት አላገኘችም። እንደምታውቁት ፈረሰኛ የአባወራ ድርሻ ነው። ያችን ባለ ሁለት ቅርንጫፍ የደረት አጥንት አባወራው ቆርጥሞ፣ መጥምጦ ነው የሚጨርሳት። ከአባወራ አፍ ማን ይቀማል? ትርንጎ ይህን አላሰበችም ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዶሮ አሳርዳ አታውቅም፤ ፈረሰኛውን የምትሰጠው ሰው አልነበራትማ።

ያን ቀን ዶሮዋን አቅፋ ብዙ ተቀመጠች። አለቀሰች። ከዚያ ጎረቤቷን ጠርታ ዶሮዋን አሳረደች። ወጡን ሠራች። ፈረሰኛውን ለብቻ አወጣች፤ ልክ ለባሏ እንደምታወጣው።

በማግስቱ ጭቃ ሹሙ መዶሻውን ይዞ ከሾላው ሥር ቆመ። ትርንጎ ተንበረከከች። መጀመሪያ ድንጋዩን ዳበሰችው። ታፋውን ከታፋው ጎን፣ ክንፉን ከክንፉ ጎን፣ አንገቱን ከአንገቱ ጎን አኖረች። በመጨረሻ የዶሮዋን ፈረሰኛ አኖረች። በድንጋዩ ወፍ ደረት ላይም ያችው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ አጥንት ነበረች።

«ጥርሷም ጅራቷም የእንሽላሊት ነው፤ አልክድም» አለች። «ግን ጌታዬ፣ እርስዎ ሃምሳ ፋሲካ ፈረሰኛ በልተዋል። ፈረሰኛ ያለው እንሽላሊት አይተው ያውቃሉ?»

ጭቃ ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ታዲያ የዛሬዋ ዶሮ ጥርሷ የት ገባ?» ሲል ጠየቃት።

«እሱን አላውቅም። የእኔስ የት ገባ?» ብላ ድዷን አሳየችው። «ይህች የዶሮዎቻችን ቅድመ አያት ትመስለኛለች። ልጅ ሁሉ አያቱን አይመስልም፤ የሆነ ነገር ግን ይዞ ይቀራል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጭቃ ሹሙ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ፤ መውቀሪያዋንም በሁለት እጁ መለሰላት። ዝናቡስ አትሉኝም? ዝናቡማ የመጣው እንደ ልማዱ በሰኔ ነው።

በከርሞው ፋሲካ ጭቃ ሹሙ ከሚስቱ እጅ የተቀበለውን ፈረሰኛ ሳይቀምስ፣ በጣባ አድርጎ ራሱ ወደ ትርንጎ ጎጆ ወሰደላት። እንዲህ ያለ ክብር በዚያ አገር ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም። ትርንጎ ሥጋውን በላች። አጥንቱን ጠርጋ ከወፏ ጎን አኖረችው።

ከዚያ ወዲህ በነጭ ገደል አባወራ የፈረሰኛ አጥንት አይቆረጥምም። የትርንጎ ነው ብሎ ከደጁ ድንጋይ ላይ ያኖረዋል። ለፍርድ የቸኮለ ሰው ሲገኝም ሽማግሌዎች «ፈረሰኛውን አይተሃል ወይ?» ይሉታል። እኔም ይኸው ስልሳ ዓመት አባወራ ስሆን አንድ ቀን አልቆረጠምኩም፤ አሁንማ ጥርሱም የለኝ። ያ ከደጄ ድንጋይ ላይ የምታዩት ነጭ ክምር የእሷ ድርሻ ነው።